ትንፋሼን ይዤ

አርባ ዓመት ሙሉ ጥርስ ስሠራ ኖሬ፣
ድድ በሰም ለክቼ፣ ሞርጄ፣ አሳምሬ፣
ጡረታ ስወጣ ይዤው የወጣሁት
የማይንቀጠቀጥ እጅ፣ የትንሽ ነገር ጉጉት።
ታርቱ ላይ፣ ከኤማዮጊ ወንዝ ማዶ፣ ከእንጨት ቤቴ ጓሮ፣
በአንድ አጉሊ ሌንስ ጀመርኩ ሌላ ኑሮ።

መጋቢት።
በረዶው ጫፉ ሲሳሳ፣ በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ
አንገቷን ደፍታ ብቅ አለች ነጭ አበባ፣ እንግዳ።
በደረቴ ተኛሁ። ካፖርቴ ውሃ ጠጣ።
ሌንሱን አስጠጋሁ፣ አስጠጋሁ፣ መልኳ እስኪመጣ፤
ከቀሚሷ ጠርዝ ሥር አረንጓዴ ጥልፍ፣
ጥልፉ ላይ ጠብታ፣ ጠብታዋ ውስጥ ጉድፍ።
ትንፋሼን ይዤ ቆጠርኩ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስ...
ነፋስ።

አበባ ከሩቅ ሲያዩት ዝም ያለ ይመስላል፤
ጠጋ ላለው መርከብ ነው፣ ሲናወጥ ይውላል።
ጥርት ብላ የምትታይ አንዲት ቅንጣት ቦታ ናት፣
ከፊቷም ከኋላዋም ጭጋግ ነው የከበባት።

ለዚያች ቅንጣት ስል እኔ ጭቃ ላይ ስንፏቀቅ፣
ጎረቤቴ ካልዩ ይመጣል፣ ቃል ከአፉ ሳይወድቅ፣
በዚያ ሰፊ ትከሻ፣ በዚያ ረጅም ካፖርት፣
ከአበባዬ ማዶ እንደ ጅብራ መገተር፣ ዝም ብሎ ማየት።
«ብርሃኔን አትጋርደኝ!» እላለሁ። አይሰማም።
አንድ እርምጃ ፈቀቅ ይላል፤ ይቆማል፤ አይሄድም።

ግንቦት ላይ ቱሊፑ ሆዱን ከፍቶ ጥቁር ኮከብ አሳየኝ፤
ዳር ዳሩን ቢጫ ብናኝ ነበር፣ ጣቴን ሰደድኩ፣ አማረኝ፤
ቢጫነቱ ባይኖር ኖሮ፣ ዱሮ ከሞረድኩት
የሸክላ ጥርስ ዱቄት ነው፣ በልስላሴው አወቅኩት።

ሰኔ፣ ሌሊቱ ሳይጨልም በሚነጋበት አገር፣
ፒዮኒ ላይ ጉንዳን አገኘሁ፣ ሲዞር፣ ሲወጣ፣ ሲቸገር፤
የሐር እጥፍ መሃል ገብቶ መውጫው ጠፍቶበታል።
ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው። አገር ተኝቷል።
ማንም የለም ብዬ ቀና ስል፣ ከፊቴ ካልዩ፣
በፒጃማ፣ በባርኔጣ፣ ያው ቁመቱ፣ ያው ገጽታው፣ ያው ልዩ!
«ምን አድርጌህ ነው?» አልኩት።
«ምንም፣ ማይሬ» አለ፤ ባርኔጣውን ነካ።
ጉንዳኑ ግን በዚያ ሌሊት፣ ከነጢሙ፣ ጠራ፣ ፈካ።

በመስከረም ዳህሊያው ከበደ፤ በጥቅምት ጠቆረ፤
አንዲት ሌሊት በጣለ ውርጭ ተቀቅሎ ቀረ።
ጓሮው ባዶ ሲሆን ካልዩም ቀረ አብሮ፤
ልጁ ወደ ፓርኑ ወሰደችው፣ ልቡ ተቸግሮ።
እሰይ አልኩ፣ አልዋሽም። ሰፋኝ።
ከዚያ ስፋቱ ከፋኝ።

ኅዳር ላይ፣ በቀትር መብራት ሲበራ፣
የዓመቱን ፎቶ ልለይ፣ የደበዘዘውን ከጠራ፣
ተቀመጥኩ።
የመጋቢቷን አበባ አጎላሁ፣ አጎላሁ፣
ከጥልፏ ደረስኩ፣ ወደ ጠብታዋ ዘለቅሁ፤
ጉድፍ ያልኩት ጉድፍ አይደለም፤ ሰው ነው፤
ራሱ ወደ ምድር፣ እግሩ ወደ ሰማይ የሆነው፤
ካፖርቱን እንደ ክንፍ ከፍቶ፣ በሁለት እጁ ወጥሮ፣
ነፋሱ በሚመጣበት በኩል እንደ በር ተቸንክሮ።

ቀና ስል ያወርደው ነበር መሰለኝ፣ እንዳላየው።
የቱሊፑን ጤዛ ፈለግሁ። አለ። ያው ነው።
ጉንዳኑ ከረገጣት ጠብታም አለ፣ ባርኔጣውን ዘርግቶ፣
ለአንድ ጉንዳን ነፋስ ሲከላከል፣ በፒጃማ፣ እንቅልፉን ትቶ።
ጭጋግ ያልኩት ሁሉ እሱ ነበረ።
አፌ እንደ ሰም ደረቀ፣ ቀረ።

ፎቶውን ገለበጥኩት፤ ካልዩ በእግሩ ቆመ፣
የአበባዋም የተደፋ አንገት ሰማዩን ሳመ።

ጥር። የደረቀ ግንድ ላይ አመዳይ እንደ ላባ በቀለ፤
ትንፋሼን ይዤ ቆጠርኩ፦ አንድ፣ ሁለት... ላባው ተነቀለ።
ወደ ቤት ገባሁ። ያቺን ጠብታ መዳፍ አሳክዬ አትሜ፣
እንደ ገለበጥኳት፣ ፖስታ ውስጥ ከትቼ፣ ማኅተብ ለጥፌ፣ አትሜ፣
ከጀርባዋ ጻፍኩ፣ ሦስቴ ጀምሬ፣ ሦስቴ ሰርዤ፣
እንደ ልማዴ፣ ትንፋሼን ይዤ፦
«ካልዩ፣ እዚህ ነፋስ አለ።»